በፀሐይ ላይ የታየው ቀዳዳ፤ አምስት ቀን በአቃቂ

ፀሐይ አትለወጥም ይባላል። ይህን የሚሉት ተመልክተዋት የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ፀሐይ ትለወጣለች። ፊቷ ላይ ጥቁር እድፍ ይወጣባታል፤ እድፉ ይሰፋል፤ አንዳንዴም አጠገቡ ይፈነዳል። በፈነዳ በስምንት ደቂቃ ውስጥ ጦሱ ምድር ይደርስና አንድ ምንም የማያውቅ ሰው ከእንጀራው ሊያፈናቅል ይችላል።

አቃቂም ለመንገደኛ የሚሆን ነገር የላትም ይባላል። የከተማችን ሰው አቃቂን የሚያውቃት በባቡር መስኮት ነው። ወደ ደብረ ዘይት ሲያልፍ የፋብሪካ ጭስ ያያል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ ያልፋል። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ይህን የምጽፈው መስኮቱን ዘግተው ለሚያልፉት ነው።

ወደዚያ የወሰደኝ የእህቴ የየሺ ደብዳቤ ነው። ባሏ መርሻ አቃቂ ባለ አንድ የራዲዮ መቀበያ ጣቢያ ውስጥ ከባሕር ማዶ የሚመጣ መልእክት በጆሮው እየሰማ የሚጽፍ ሠራተኛ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ገደማ፣ ይመጣል የተባለ አስቸኳይ መልእክት ሳይደርስ ቀረ። መርሻ መዝገቡ ላይ «ከ5፡40 እስከ 6፡30 ምንም አይሰማም» ብሎ ጻፈ። አለቆቹ ማሽኑን ቢመረምሩት ደህና ነው። ስለዚህ «ተኝተሃል» አሉት። ዓርብ በሦስት ሰዓት አዲስ አበባ ላይ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ሊፈርዱበት ነው። ከተባረረ የሚኖሩበት ቤት የጣቢያው ነውና እሱም አብሮ ይሄዳል። የሺ ደብዳቤዋን የጨረሰችው እንዲህ ብላ ነው፤ «ጋሼ፣ አንተ ያላነበብከው ነገር የለም ይባላል። እስቲ ካነበብከው አንዱ ይጥቀመን።»

ይህ አነጋገር አበሳጨኝ። ሆኖም አንድ ነገር አስታወሰኝ። ከባሕር ማዶ የመጣ አንድ አሮጌ መጽሔት ውስጥ ፀሐይ ስትፈነዳ ቀን በሆነበት የምድር ክፍል ሁሉ የሩቅ ራዲዮ በአንድ ጊዜ ዝም እንደሚል አንብቤ ነበር። ታዲያ ያን ማክሰኞ ፀሐይ መፈንዳቷን ማን አየ? በባሕር ማዶ ፀሐይን እየጠበቁ የሚውሉ ሊቃውንት አሉ። ግን ደብዳቤ ሄዶ እስኪመለስ መርሻ ዕቃውን ጭኖ ወጥቷል። እዚሁ ያየ ሰው መፈለግ ነበረብኝ።

ሰኞ

ጉለሌ፣ የእኔ ሰፈር፣ በኅዳር ጠዋት ሰው ኮቱን ቆልፎ አንገቱን ቀብሮ ነው የሚሄደው። ከለገሃር በሊቶሪና ባቡር ስነሣም እንደዚያው ተቆላልፌ ነበር። ውስጧ ግን እንኳን ኮት ለማውለቅ ክርን ለማንቀሳቀስም ቦታ የለም። መጽሔቱን በጋዜጣ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ አኑሬዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ቲኬቷን ከመቀነቷ ልትፈታ ስትታገል፣ «አንዴ ይያዙልኝ ጋሼ» ብላ የቅቤ ቅል ጉልበቴ ላይ አስቀመጠች። ቲኬቱ እስኪገኝ ቃሊቲን አለፍን። ቅሉን ሳነሣው መጽሔቱ በቅቤ ርሷል።

«ወይኔ! የጸሎት መጽሐፍ ነው እንዴ?» አለች።

«አይደለም።»

«እንግዲያው ምንም አይደል» ብላ ቅሏን አቀፈች።

ፀሐይ የተሣለችበት ገጽ እንደ መስተዋት አሳላፊ ሆኖ ጀርባው ላይ ያለው የሳሙና ማስታወቂያ በፀሐይዋ ውስጥ ይታያል። የያዝኩት ማስረጃ ይኸው ብቻ ነበር።

አቃቂ ስወርድ የባቡር ጣቢያው ሹም አቶ ገመቹ ሻንጣዬን ተቀበሉኝ። የአካባቢው ተወላጅ ናቸው፤ አባታቸው ሐዲዱ ባለፈበት መሬት ላይ ጤፍ ይዘሩ ነበር። የእጅ ሰዓቴ ቆሞ ስለነበር በጣቢያው ሰዓት ሞላሁት። ይህ ሰዓት ከእኔ ጋር ብዙ ዓመት የኖረ ሲሆን እንደ ባለቤቱ አልፎ አልፎ ያኮርፋል።

የሺ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ከስታለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ ለእኔ ከመጋረጃ ጀርባ የተነጠፈልኝ የራሷ አልጋ እንደሆነ የገባኝ ማታ እሷና መርሻ ምንጣፍ ላይ ሲተኙ ነው። ብከራከርም አልሰማችኝም። ጉለሌ እንግዳ ሲመጣ የሚሰጠው ወንበር ነው።

መርሻ ዝምተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሰማ ሰው ማታ መናገር ይታክተዋል መሰለኝ። ጎመን በሥጋ በልተን ስንጨርስ ያን ቀን ምን እንደሰማ ጠየቅሁት።

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምን ዓይነት ምንም?»

አሰበ። «ማሽን ሲበላሽ ያፏጫል፤ ይንጫጫል። ያን ቀን ግን ጫጫታው ራሱ ሞተ። የሩቅ አገሩም፣ የመብረቁም። ጆሮዬ ላይ ጥጥ የጠቀጠቁብኝ መስሎኝ በጣቴ ነካሁት።»

«ይህን ለአለቆችህ አልነገርክም?»

«ነገርኩ። ‹ሁሉም አገር በአንድ ጊዜ ዝም አለ? የዓለም ሕዝብ ምሳ ሄደ?› ብለው ሳቁብኝ።»

የሺ ሳህን እያነሣች፣ «አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ቀን አንቀላፍቶ አያውቅም» አለች። «እቤት እንኳ ሲተኛ ጣቱ ይጽፋል።» ሌሊቱን ከመጋረጃው ወዲያ የሚገላበጥ ሰው ስሰማ አደርኩ። ዓርብ ምን ይዤ እንደምቀርብ አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

አቃቂ ውስጥ ፀሐይ የሚያይ ሰው እንዳለ የነገረችኝ የሺ ናት። «ከድር ይባላል። ‹ፀሐይ የሚሰልለው› ይሉታል። አብዷል የሚሉም አሉ።» ቤቱን ግን አታውቀውም።

ጉለሌ አንድ ሰው ብትጠይቅ አላውቅም ይልሃል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። አቃቂ አላውቅም የሚል የለም። የመጀመሪያው ሰው ከድር ዘንድ አደረሰኝ፤ ከድር ሱቅ አለው። ስለ ፀሐይ ስጠይቀው ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣ፣ የአገሩን የጉራጌን ወሬ ሁሉ አጫወተኝ፤ በመጨረሻም፣ «የእኔ ፀሐይ ይቺ ናት» ብሎ መቶ ሻማ አምፖል አሳየኝ። የሻዩን ልክፈል ስለው ተቆጣ። ሁለተኛው ከድር ልብስ ሰፊ ነው፤ እሱም ስፌቱን ትቶ ተነሣና ሩቅ ድረስ ሸኘኝ። «እርስዎ የሚፈልጉት ‹ከድር ጨርቁ› የሚሉትን ነው» አለኝ።

መንገዱ ወንዙን ይሻገራል። የዚያን ቀን ወንዙ ሰማያዊ ነበር። ልብስ ሰፊው ቆም ብሎ አየና፣ «የጨርቅ ፋብሪካው ዛሬ ሰማያዊ እየነከረ ነው» አለ፤ ጉለሌ ሰው ደመና አይቶ ዛሬ ይዘንባል እንደሚለው። መሬቱ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር ነው። የጫማዬ ተረከዝ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ በመቀሱ ፈልቅቆ አወጣልኝ፤ ምስጋናዬን ሳይጠብቅ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ከድር ጨርቁን ያገኘሁት አመሻሽ ላይ ነው። ከስልጤ የመጣ፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ቀጭን ሰው ነው። ቤቱ በአንድ በኩል ከፋብሪካው አጥር፣ በሌላ በኩል ከባቡሩ ሐዲድ ጋር ይዋሰናል። ፋብሪካው ስም አለው፤ እኔ ግን አልጠራውም፤ አቃቂ ስለ የትኛው እንደማወራ ታውቃለች። ከድር ሥራው የተሸመነ ጨርቅ በብርሃን ላይ እየዘረጋ እንከን መፈለግ ነው።

የመጣሁበትን ስነግረው ፊቱ በራ። «ያቺ ማክሰኞ!» አለ። «አለችኝ። ነገ በምሳ ሰዓት ይምጡ፤ ቀን በብርሃን ነው የሚታየው።»

የየሺ ደብዳቤ ከደረሰኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ። ቀደም ብዬ መደሰቴ ነበር።

ረቡዕ

የምሳው የስድስት ሰዓት ፊሽካ ሲነፋ ከድር ደጅ ቆሜ ነበር። ሰዓቴን ሳየው 5፡36 ይላል። ያው ልማዱ ነው፤ ወደ ኋላ ቀረ ብዬ ስድስት ላይ አደረግሁት። ወዲያው ከድር እያለከለከ መጣ፤ ከፋብሪካው በር እስከ ቤቱ ሦስት ደቂቃ ነው።

ጓሮው ውስጥ ከእንጨት ግንድ ላይ አንድ የመሬት ቀያሽ መነጽር ታስሯል። አንድ ኢጣሊያዊ አገሩ ሲገባ ዕቃውን ሲሸጥ የገዛው ነው። ከድር በመነጽሩ ውስጥ አያይም፤ «ያየ ሰው ዓይኑን ይቀብረዋል» አለኝ። የፀሐይዋ ምስል በመነጽሩ አልፎ ሣንቃ ላይ በተወጠረ አቡጀዲ ላይ ያርፋል። የጀበና መቀመጫ የምታህል ክብ ፀሐይ ጨርቁ ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ አየሁ፤ ፊቷ ላይ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ከድር በእርሳስ ዙሪያዋን አዞረባት፤ ነጠብጣቦቹንም አንድ በአንድ ነቀሳቸው። አንዲት ጨርቅ፣ አንድ ቀን። ሦስት ዓመት እንዲህ አድርጓል።

«ለምን?» አልኩት።

«እንከን ማየት ሥራዬ ነው። አንድ ቀን መስኮቱን ዘግቼ ሳለ በቀዳዳ የገባች ፀሐይ ጨርቁ ላይ አረፈች። እድፍ ነበረባት። ጨርቁን ቀየርኩ፤ እድፉ አልቀረም። ከዚያ ወዲህ መተው አልቻልኩም።»

ምልክቶቹም የፋብሪካው ናቸው። ትንሽ ነጥብ ሲያይ የቋጠሮ ምልክት ያደርጋል፤ የረዘመ ሲሆን የተበጠሰ ክር፤ ትልቅና ዙሪያው የደበዘዘ ሲሆን የዘይት ጠብታ። የእነዚያን ሳምንታት ጨርቆች አልጋው ላይ በተራ ዘረጋንና ማንበብ ጀመርን። አንድ የዘይት ጠብታ ከፀሐይዋ ጠርዝ ይነሣል፤ በየቀኑ ወደ መሃል ይገሰግሳል፤ እየገሰገሰ ያብጣል። ዘጠነኛው ጨርቅ የዚያች ማክሰኞ ነው። ጠብታው መሃል ላይ ከድር ሁለት ትናንሽ ክቦች አድርጓል፤ ይህ ምልክት ከዚያ በፊት በነበሩት ጨርቆች ሁሉ ላይ የለም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የቀዳዳ ምልክት። ከፀሐይዋ ራስዋ የበለጠ የሚያበራ ነገር አየሁ። ጨርቁ ተበስቶ ብርሃን የሾለከ መሰለኝ። ሣንቃውን አዞርኩት፤ ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይዞር ነበር። እሱ ግን ፀሐይዋ ላይ ቀረ። አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ጠፋ።»

መጽሔቱ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፤ ሊቃውንቱ እንኳ በዕድሜያቸው አንዴ ቢያዩት የሚደነቁበት። ጠርዙ ላይ የተሞነጫጨረ መስመር ስለነበር ያም የፀሐይ መስሎኝ ጠየቅሁት። «እሱ ባቡር ነው» አለ። «ሲያልፍ መነጽሩ ይንቀጠቀጣል፤ እጄም አብሮ።»

ከዚያ ጥጉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አየሁ። 6፡05።

መርሻ መዝገብ ላይ ራዲዮው የሞተው 5፡40 ነው። የራዲዮ ጣቢያው ሰዓት በየቀኑ ከባሕር ማዶ በሚመጣ የሰዓት ምልክት የሚታረም ስለሆነ አይሳሳትም። ብርሃኑና የራዲዮው ዝምታ ደግሞ አንድ ላይ መድረስ አለባቸው። እሳቱ ከመነሣቱ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ጭሱ ወጣ ብዬ ለሦስት ዳኞች ልንገራቸው?

«አቶ ከድር፣ ይህ ሰዓት ልክ ነው?»

ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። «ፊሽካው ነፋ፤ መጣሁ፤ አየሁ። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው» አለ። ከዚያ ጨርቆቹን ማጠፍ ጀመረ።

ሚስቱ ዘይነባ ቆጮና ጎመን ይዛ ገባች። በእነሱ የታረደ ሥጋ እንደማልበላ አውቃ ጥንቃቄ አድርጋለች። አጠገቡ አይብ ነበረ። እጄን ስሰድ አይቡን ከፊቴ አነሣችው። «ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው ጋሼ፤ ጾምዎ ነው» አለችኝ። ጾሜን እኔ ረስቼው እስላሟ አስታወሰችልኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ስለዚህ አንድ ገጽ እጽፍ ነበር። ያን ቀን ግን ሐሳቤ ሁሉ 6፡05 ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በወንዙ ዳር ወዲያ ወዲህ ስል ዋልኩ። የመውጫው የአሥራ አንድ ሰዓት ፊሽካ ሲነፋ ሰዓቴ 11፡45 ይላል። ጭራሹን አበደ አልኩና ወደ አሥራ አንድ መለስኩት። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ቀጣሁት ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጋዜጣን ወሬ፣ የሹማምንትን ንግግር፣ የራሴንም ጽሑፍ ስጠራጠር ኖሬ ፊሽካን አመንኩ።

ቤት ስገባ የሺ፣ «ተገኘ?» አለችኝ።

«እያየነው ነው» አልኳት። ውሸት ነበር።

ሐሙስ

ልሸሽ ወሰንኩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የሆነው ይኸው ነው። ዓርብ ከዳኞቹ ፊት ቆሜ ባዶ እጄን ከማሳይ፣ «ከተማ ማስረጃ ልፈልግ ሄጃለሁ» የሚል ብጣሽ ወረቀት የየሺ አልጋ ላይ ትቼ በጠዋቷ ሊቶሪና ልመለስ አሰብኩ። መርሻ ሥራ ገብቷል፤ የሺ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። ሻንጣዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሰዓቴ አሥር ደቂቃ እንደሚቀረኝ ነገረኝ።

ጣቢያው ባዶ ነበር። አቶ ገመቹ ባንዲራቸውን እየጠቀለሉ፣ «ሄደች እኮ» አሉኝ።

«እንዴት ትሄዳለች? አሥር ደቂቃ አላት!»

«አሥር ደቂቃ ሆናት፤ ከሄደች።» ሰዓቴን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን አዩ። «በምን ሞሉት? ሰኞ በእኔ ሰዓት ሲሞሉ አይቻለሁ።»

«በፋብሪካው ፊሽካ አረምኩት።»

አቶ ገመቹ ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡና እንደገና ሳቁ። «በየትኛው? በጠዋቱ ነው በማታው?»

«ልዩነት አለው?»

«ጋሼ፣ የዚያ ፋብሪካ ፊሽካ የሚነፋበት ሰዓት ጠዋት ይሮጣል፤ ከሰዓት በኋላ ያነክሳል። ጠዋት ሃያ አምስት ደቂቃ ይቀድማል፤ ሠራተኛው ቶሎ እንዲገባ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው መሰላል ተሸክሞ ይወጣና ያቆመዋል። ዘይት ልቀባው ነው ይላል። ሰዉ ደግሞ ‹ሰዓቱም ምሳውን ሊበላ ነው› ይላል። በልቶ እስኪጠግብ ቆሞ ይቀጥላል። ማታ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ነው የሚያስወጣቸው። ሰዓት መግዛት የሚችል ሠራተኛ የለም፤ ያለውም በር ላይ ተፈትሾ ይቀማል።»

«ይህን ሁሉም ያውቃል?»

«አቃቂ ውስጥ? ሕፃናቱ ይጫወቱበታል።»

ሻንጣዬ ላይ ተቀመጥኩ። 6፡05 ላይ ሃያ አምስት ደቂቃ ሲቀነስ 5፡40። አቶ ገመቹ እያነጋገሩኝ ነበር፤ አልሰማኋቸውም። ከዚያ የተሞነጫጨረው መስመር ትዝ አለኝና የዚያችን ማክሰኞ መዝገብ እንዲያዩልኝ ለመንኳቸው። ጣታቸውን በምራቃቸው እያራሱ ገለጡ። የዕቃ ባቡር፣ ከአቃቂ የተነሣበት፣ 5፡42። «ከዚህ እስከ ከድር ቤት ጀርባ አንድ ደቂቃ ነው» አሉ። ብርሃኑ ከ5፡40 አምስት ደቂቃ ቆየ፤ ባቡሩ በመሃሉ አለፈና የከድርን እጅ አንቀጠቀጠው። ፀሐይ፣ ራዲዮና ባቡር አንድ ሰዓት ላይ ተስማሙ። ያልተስማማው ፊሽካው ብቻ ነው።

ወደ ቤት ሮጥኩ። ብጣሽዋ ወረቀት አልጋው ላይ አልነበረችም። የሺ ምድጃው አጠገብ ቆማ ይዛታለች። ወረቀቷን እሳት ውስጥ ጨመረቻትና፣ «ቁርስ አልበላህም» አለች።

ማታ ከሥራ ሲወጣ ከድርን ቤቱ አገኘሁት። ሳልነግረው የመጣሁበትን አወቀ።

«ያውቁ ነበር» አልኩት።

«አውቅ ነበር እንጂ።»

«ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«ሰዓትዎን በፊሽካው ሲያርሙ አየሁዎት። ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር።» ጉልበቱን አቀፈ። «በአፍ ብቻ ቢሆን ይቀላል። እነዚያ ዳኞች ግን 6፡05 ለምን ተጻፈ ይላሉ። የፋብሪካው ሰዓት ይዋሻል ብዬ ፈርሜ ልሰጥ ነው? አሥራ አራት ዓመት የበላሁበት ቤት ነው። ልጆቼን የት ልወስዳቸው?»

የእህቴን ባል ቤት ላድን የእሱን ቤት እንዲያስይዝ እየለመንኩት ነው። እኔ በሕይወቴ ብዙ ፈርሜያለሁ፤ ከጽሑፎቼ ሥር። አንዱም ምሳዬን አሳጥቶኝ አያውቅም። ይህን ልነግረው ፈለግሁ፤ ግን ማባበል ስለሚመስል ተውኩት።

የተናገረችው ዘይነባ ናት፤ ልብስ እያጣጠፈች፣ ወደ እኛ ሳታይ። «ከድር፣ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ላይ ቀዳዳ አይተህ ብታሳልፍ ምን ይሉሃል?»

«ያባርሩኛል።»

«እንግዲህ» አለችና ማጣጠፏን ቀጠለች።

ከድር እኔን እስከ ድልድዩ ሸኝቶ፣ «ደህና ይደሩ» ብቻ ብሎኝ ተመለሰ።

ዓርብ

ጎሕ ሲቀድ እኔና መርሻ ጣቢያው ላይ ቆምን። መርሻ የሠርጉን ኮት ለብሷል። በእጄ ያለው በቅቤ የራሰው መጽሔትና አቶ ገመቹ የጻፉልኝ የባቡሩ ሰዓት ብቻ ነው። ሊቶሪናዋ ልትነሣ ስትል ከድር ከሐዲዱ ወዲያ ሲሮጥ መጣ፤ የእሱ የጠዋት ፊሽካ እየነፋ ነበር። በመስኮቱ አንድ ጥቅል አቡጀዲና የታጠፈ ወረቀት አቀበለኝ።

«ፈርሜያለሁ። ስሜንም አይደብቁት» አለ። «አቃቂ ውስጥ ፀሐይ የሚሥል ስንት ሰው አለና? ቢደብቁኝም ያገኙኛል።» ቀና ብሎ ፊሽካው ወደሚነፋበት አየና፣ «ዘገየሁ» አለ። ሳቀ፤ ከዚያ ሮጠ።

ሦስቱ ዳኞች ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። ጨርቁን ስዘረጋው ሰብሳቢው፣ «ፀሐይን ምስክር ጠራችሁ?» ብሎ ሳቀ። በስተግራው የተቀመጡት አዛውንት መሐንዲስ ግን አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ሁለቱን ክቦች ረጅም ጊዜ አዩ። መርሻን፣ «ጫጫታውስ?» አሉት። «እሱም ሞተ ጌታዬ» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚያውቁት ነገር እንደሆነ ገባኝ። ሰብሳቢው የከድርን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ነገሩ ሁሉ በዚህ ሰዓት ላይ ቆመ» አለ። «ባቡሩ የባቡሩን ሰዓት እንጂ የፋብሪካውን አይነግረንም። አንድ ሰው ደግሞ አይበቃም። የፋብሪካው ሰዓት እንደሚቀድም የሚመሰክር ሁለተኛ ሰው፣ እዚያው የሚሠራ፣ በፊርማው አምጡ። አሥራ አምስት ቀን ሰጥቻችኋለሁ።»

ወደ ጉለሌ ከተመለስኩ ሳምንት አልፏል። ዳኞቹ ፋብሪካውን በደብዳቤ ጠይቀውት «ሰዓታችን ልክ ነው» ብሎ መልሷል። ከድር ከጨርቅ መርማሪነት ተነሥቶ መጋዘን ውስጥ ጥቅል ተሸካሚ ሆኗል። በምሳ ሰዓት ግን አሁንም ጨርቁን ይወጥራል፤ ከሥዕሉ አጠገብ አሁን ሁለት ሰዓት ይጽፋል፤ የፊሽካውንና የአቶ ገመቹን። የሺ ዕቃ ማሰር ጀምራ መልሳ ትፈታለች። የቀሩን ቀኖች ጥቂት ናቸው።

አንተ እዚያ ፋብሪካ የምትሠራ፣ ይህን የምታነብ ወይም የሚነበብልህ፤ ሰዓቱ ምሳውን ሲበላ በየቀኑ ታያለህ። የምጠይቅህ እንድትደነቅ አይደለም፤ ስለ ፀሐይ እንድታውቅም አይደለም። አንድ ወረቀት አምጣ፣ ያየኸውን ጻፍ፣ ስምህን ከሥሩ አኑርና አቶ ገመቹ ጣቢያ አድርስልኝ። ከድር ፈርሟል። አንድ ሰው ይቀራል። ፈርም።